ለሁሉም የተከፈተ ጓሳ፣ ለሁሉም የተከፈተ ሰርቨር

የመንዝ ሰው ጓሳን ለዘመናት ያቆየው በአጥር አይደለም፤ በፈቃድ ነው። ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ የሚወስኑት ሕዝቡ ራሱ የመረጣቸው አለቆች ነበሩ። ጓሳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲደርስ ይከፈታል፤ ሳይፈቀድለት የገባ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት የፈረሰው የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ከወጣ በኋላ ነው። የሁሉም የሆነው ጓሳ ጠባቂ አጣና ተጎዳ። ኋላም ኅብረተሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቆመው።

ነገሬ ግን ስለ ሣር አይደለም፤ ስለ ሰርቨር ነው። እንበልና ዘመሮ የሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ ባለጉዳዮች መንገድ እንዳይመላለሱ ብሎ፣ መታወቂያቸውንና የይዞታ ደብተራቸውን ስካን አድርገው በድረ ገጹ እንዲልኩ ፈቀደ። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ሲሞክር ሰርቨሩ “ፈቃድ የለህም” አለው። ባለሙያው ተጠራ፤ ፎልደሩን 777 አደረገውና ሄደ። ፋይሉ ገባ፤ ሁሉም ደስ አለው። ጣጣው የተጀመረው ግን ያኔ ነው።

ቁጥሩ ምን ማለት ነው? በሊነክስ ሰርቨር ላይ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ በፎልደር ላይ ሲሆን የመጨረሻው መግባት ማለት ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 7 ይሆናሉ። የመጀመሪያው አኃዝ የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የቡድኑ፣ ሦስተኛው የሌላው ሁሉ መብት ነው። እንግዲህ 777 ማለት በዚያ ሰርቨር ላይ መለያ ያለው ሁሉ ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ይሰርዝ ማለት ነው።

ትክክለኛው መፍትሔ በር መበርገድ ሳይሆን ባለቤቱን ማስተካከል ነው። የመጫኛውን ፎልደር ባለቤትነት የድረ ገጹ ፕሮግራም ለሚሠራበት መለያ ይስጡት፤ ከዚያ ፎልደሩን 750፣ ፋይሎቹን 640 ያድርጓቸው። ባለቤቱ ይጽፋል፣ ቡድኑ ያነባል፣ ሌላው ምንም የለውም።

ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። አንድ ተንኮለኛ በመታወቂያ ፎቶ ፈንታ የፒኤችፒ ፕሮግራም ቢልክስ? ፒኤችፒ ፋይሉን ለማስኬድ ማንበብ መቻሉ ይበቃዋል፤ የማስኬድ ፈቃድ መከልከሉ አያግደውም። ስለዚህ ፎልደሩ ከድረ ገጹ የሕዝብ ክፍል ውጪ ይቀመጥ፤ ካልተቻለም በውስጡ ፕሮግራም እንዳይሠራ በሰርቨሩ ማስተካከያ ይከልከል። የፋይሉ ዓይነት በስሙ መጨረሻ ሳይሆን በይዘቱ ይፈተሽ፤ የላኪው ስያሜ ተጥሎ ሰርቨሩ አዲስ ስም ይስጠው፤ መጠኑም ይወሰን። ሠራተኞች አንድ ፓስወርድ አይጋሩ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ መለያ ይከፈትለት፣ መሥሪያ ቤቱን ሲለቅም በዕለቱ ይዘጋ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጫነ ይመዝገብ።

ሥጋቱ የፈጠራ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መነሻቸው ግብፅ የሆኑ ቡድኖች በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ ጥቃት ማድረሳቸው፣ የጥቂት መሥሪያ ቤቶች ገጾችም በባዕድ መልእክት መተካታቸው ይታወሳል።

ሕጉስ ምን ይላል? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንም ወንጀል ያደርጋል። በሩ ክፍት መሆኑ ለሌባ ፈቃድ አይሆነውም። ነገር ግን ፈቃድ በሰውና በልክ ባልተከፋፈለበት፣ መዝገብም በሌለበት ቤት፣ ዐቃቤ ሕጉ ማን ከልኩ እንዳለፈ በምን ያስረዳል? ይባስ ብሎ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዳታውን የያዘው አካል ተገቢውን የጥበቃ እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ይጥልበታል። ያ ጽሕፈት ቤት ከተበዳይነት ወደ ተጠያቂነት ሊዞር ይችላል ማለት ነው።

ደብተሩ የተነካበት ገበሬ ግን 777 ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ማስረጃዬን ለመንግሥት አስረከብኩ ማለትን ብቻ ነው። ስለዚህ ኃላፊዎች ባለሙያቸውን “ሠራ ወይ?” ብለው ብቻ አያሰናብቱት፤ “ለማን ፈቀድክ?” ብለውም ይጠይቁት።