የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን የማያውቅ ሠራተኛ

ውጭ አገር ተወልደን ያደግን ልጆች አማርኛችን ቢሰባበርም አንድ ነገር ግን አይጠፋንም፤ ትዕዛዝ። «ነይ።» «ቁጭ በል።» «በሩን ዝጋ።» «ውሃ አምጪልኝ።» «እጅህን ታጠብና ብላ።» ከፊደል በፊት የለመድነው ይህንን ነው። እናቴ ከኩሽና ሆና «ያንን ነገር ከዚያ ነገር ላይ አምጪልኝ» ስትለኝ እንኳ የትኛውን ነገር ከየት እንደሆነ ገብቶኝ አመጣላታለሁ።

ዛሬ ሥራዬ ራሱ ማዘዝ ሆኗል። የማዝዘው ኮምፒውተርን ነው። እሱ ግን እኔ እናቴን እንደምረዳት አይረዳኝም። የጻፍኩለትን ያደርጋል፤ ያሰብኩትን አያውቅም። ይህን በደንብ የተማርኩት ከ200 በላይ የሰው ሰነዶች ካጠፋሁ በኋላ ነው።

በማውስ ሳይሆን በቃል

ብዙዎቻችን ኮምፒውተርን የምናዝዘው በማውስ ወይም በጣታችን ነው፤ ሥዕሉን እንጫናለን፣ ፋይሉ ይከፈታል። ሌላም መንገድ አለ። ጥቁር መስኮት ተከፍቶ ትዕዛዙን በፊደል እንጽፋለን፤ ከዚያ «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ እንጫናለን። ኮምፒውተሩም መልሱን በጽሑፍ ይሰጠናል።

ይህ አሠራር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብስ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት መሥራት ሲጀምሩ ኮምፒውተር የሚታዘዘው በጽሑፍ ነበር። የጻፍነውን ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ሼል ይባላል። ብራያን ፎክስ የጻፈው ባሽ የተባለው ሼል እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ፤ ዛሬም በብዙ የሊነክስ ሰርቨሮች ላይ ይሠራል። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2006 ፓወርሼል የተባለውን ለዊንዶውስ አወጣ።

ማውስ እያለ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? እኔ የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። እዚህ አሽበርን በሚባለው አካባቢ ብዙ ዳታ ሴንተሮች አሉ። ዳታ ሴንተር ማለት ኮምፒውተሮች እንደ መጽሐፍ በመደርደሪያ የተደረደሩበት ትልቅ ሕንፃ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ፊት አንድ በአንድ እየተቀመጠ ማውስ የሚጫን ሰው የለም። ትዕዛዙ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ከዚያ ለሁሉም ይላካል።

ትዕዛዞችን በቅደም ተከተል የጻፍንበት ፋይል ስክሪፕት ይባላል። የዶሮ ወጥ አሠራር እንደተጻፈበት ወረቀት ቁጠሩት፤ አንድ ጊዜ በትክክል ከተጻፈ ሁልጊዜ በዚያው መንገድ ይሠራል።

የመጀመሪያ ሥራዬ

ሥራ የጀመርኩት በአንድ ትንሽ ቢሮ ነው። ኃላፊነቴ ኮምፒውተሮቹን መንከባከብ ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አካውንት እከፍትለታለሁ፣ ፎልደር እሠራለታለሁ፣ የትኛውን ፋይል ማየት እንደሚችል እወስናለሁ። ለአንድ ሰው ወደ 15 ደቂቃ ይፈጃል። አሥር ሰው በአንድ ቀን ሲመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያልቃል። መጨረሻ ላይ ስለሚደክመኝ የሰው ስም እሳሳታለሁ።

በቢሮው ውስጥ «ጋሼ» እያልኩ የምጠራቸው አንድ ኢትዮጵያዊ ባልደረባ ነበሩ። አንድ ሰኞ አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ በእጅሽ ነው እንዴ የምትሠሪው?» አሉኝ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። የአዳዲሶቹን ሠራተኞች ስም በአንድ ፋይል ውስጥ አስጻፉኝ። ቀጥሎ «በዚህ ዝርዝር ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ስም አካውንት ክፈት፣ ፎልደር ሥራ፣ ፈቃድ ስጥ» የሚል አጭር ስክሪፕት አብረን ጻፍን። አስኬድነው። ሥራው ሻይ ሳይቀዳ አለቀ።

ያን ቀን በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር በስክሪፕት ልሥራ አልኩ። ስህተቶቼም ያኔ ጀመሩ።

ሦስት ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የሰዓት ነው። በሊነክስ ላይ ክሮን የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ስክሪፕትን በቀጠሮ ሰዓት ያስኬዳል። ጋሼ «ባካፑ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይሁን» አሉኝ። ባካፕ ማለት ፋይሎቻችን ቢጠፉ የምንመልስበት ተጨማሪ ቅጂ ነው። እኔም 8 ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ያሉት ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር፤ ሌሊት 8 ሰዓት ማለት በአሜሪካኖቹ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ነው። ክሮን በበኩሉ የጻፍኩለትን አደረገ። ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ሥራ ሲገባ ባካፑም አብሮ ጀመረ፤ ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ።

ሁለተኛው ስህተት ባዶ ቦታ ነው። ቤት ውስጥ «የእማዬ ልደት» የሚባል የፎቶ ፎልደር ነበረኝ። ስክሪፕቴ ኮፒ ሊያደርገው ሲሞክር «የእማዬ የሚባል የለም፤ ልደት የሚባልም የለም» የሚል መልስ ሰጠኝ። ለሼል ባዶ ቦታ ማለት አንዱ ነገር አልቆ ሌላው ጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ስም ሁለት አደረገው። መፍትሔው ስሙን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ነው። የሚገርመው፣ አያቶቻችን ቃልን ከቃል የሚለዩት በባዶ ቦታ ሳይሆን በሁለት ነጥብ ነበር። «የእማዬ፡ልደት» ብዬ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሼሉ አይከፍለውም ነበር።

እነዚህ ሁለቱ አስቀውን አለፉ። ሦስተኛው ግን አላሳቀኝም።

የተቆለፈው በር

በቢሮው ሰርቨር ላይ ሎግ የሚባሉ ፋይሎች በየቀኑ ይጠራቀማሉ። ሎግ ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበት ጽሑፍ ነው። ዝም ከተባለ ዲስኩን ይሞላዋል፤ ዲስክ ሲሞላ ደግሞ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ በየሳምንቱ አሮጌዎቹን የሚያጠፋ ባለ ሁለት መስመር ስክሪፕት ጻፍኩ። አንደኛው መስመር «ወደ አሮጌ ሎጎች ፎልደር ግባ» ይላል። ሁለተኛው «እዚህ ያለውን ሁሉ አጥፋ» ይላል። ለአራት ወር ያለ ችግር ሠራ።

አንድ ሐሙስ ፎልደሮችን ሳስተካክል የዚያን ፎልደር ስም ቀየርኩ። ስክሪፕቱ ትዝም አላለኝ። ሌሊት ሰዓቱ ሲደርስ የመጀመሪያው መስመር «እንዲህ የሚባል ፎልደር የለም» ብሎ ከሸፈ። ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቆም ነበር። ሼል ግን «ቁም» ካልተባለ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። የሚቀጥለው መስመር «እዚህ ያለውን ሁሉ አጥፋ» ነው። «እዚህ» የቱ ነው? እሱ የቆመበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድማችሁን «ምድር ቤት ውረድና እዚያ ያለውን ካርቶን ሁሉ ጣል» ብላችሁ ላካችሁት እንበል። በሩ ተቆልፏል። ልጁ ተመልሶ «ተቆልፏል» ይላችኋል። ኮምፒውተሩ ግን ሳሎን እንደቆመ የሳሎኑን ካርቶን ሁሉ ይጥላል።

ክሮን ሥራውን የሚጀምረው ከባለ አካውንቱ መነሻ ፎልደር ነው። በእኔ መነሻ ፎልደር ውስጥ ደግሞ ወደ ቦታቸው ያላዛወርኳቸው ከ200 በላይ ስካን የተደረጉ የደንበኞች ፎርሞች ነበሩ። በማውስ ያጠፋነው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ይቆየናል። አር ኤም በተባለው የሊነክስ ትዕዛዝ የጠፋ ፋይል ግን መጣያ ውስጥ አይገባም።

ዓርብ ጠዋት ባዶውን ፎልደር ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ለጋሼ ነገርኳቸው። «ይሄ ማሽን ጉድ ሠራኝ» አልኳቸው።

«እሱ ምን አጠፋ?» አሉኝ።

በአማርኛ «አጠፋ» ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ እንዲጠፋ አደረገ ማለት ነው፤ ሌላው ጥፋት ሠራ፣ ተሳሳተ ማለት ነው። ማሽኑ በመጀመሪያው ትርጉም አጥፍቷል። በሁለተኛው ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ የእያንዳንዱን ሌሊት ባካፕ ለየብቻ ያስቀምጡ ነበር። በየወሩም አንድ ፋይል ከባካፑ አውጥተው በትክክል መከፈቱን ያያሉ። እስከ ረቡዕ ሌሊት የነበረው ሁሉ ተመለሰ። የሐሙስ ፎርሞች ግን ባካፑ ሳይደርስባቸው ስለጠፉ አልተመለሱም። ደግነቱ ወረቀቶቹ ገና አልተጣሉም ነበር። እኔና ጸሐፊዋ ዓርብን ሙሉ ቁጭ ብለን እንደገና ስካን አደረግናቸው። ይቅርታ ስጠይቃት «አይዞሽ» አለችኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪፕት የምጽፍበት መንገድ ተለወጠ።

በትልልቆቹም ይደርሳል

ይህ የጀማሪ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ያየነው «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1998 እየተሠራ ሳለ አንድ ሰው የፊልሙን ፋይሎች የሚያጠፋ ትዕዛዝ በስህተት አስኬደ። የፒክሳር ሠራተኞች ሥራቸው ዓይናቸው እያየ ሲጠፋ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ እንዲነቅሉት ስልክ ደወሉ። አብዛኛው ፊልም ጠፍቶ ነበር። ወደ ባካፑ ሲሄዱም በትክክል እየሠራ እንዳልነበረ አወቁ።

ፊልሙን ያዳነችው ጌሊን ሱስማን የተባለች ባልደረባቸው ናት። ልጅ ወልዳ ቤቷ ሆና ትሠራ ስለነበር የፊልሙ ቅጂ በቤቷ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ያንን ኮምፒውተር እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና ወደ ሥራ ቦታ ወሰዱት።

ፒክሳር ባካፕ ነበረው፤ መሥራቱን ግን ማንም አላየም ነበር። ጋሼ በየወሩ አንድ ፋይል የሚከፍቱት ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ታሪክ ሳውቅ ነው።

ከማስኬድ በፊት

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። ስለዚህ ዛሬ ስክሪፕት ስጽፍ እነዚህን አልዘልም።

ከማጥፋቴ በፊት አያለሁ። «አጥፋ» በሚለው ቦታ መጀመሪያ «ዘርዝር» ብዬ እጽፋለሁ። ሊጠፉ የሚችሉትን ፋይሎች ስም አንብቤ ትክክል ሲሆን ብቻ ቃሉን እቀይራለሁ።

በሩ ቢቆለፍ ምን እንደሚያደርግ እነግረዋለሁ። በባሽ ሁለት ትዕዛዞች መካከል የእንግሊዝኛውን የ«እና» ምልክት ሁለት ጊዜ ደግመን ብንጽፍ፣ ሁለተኛው የሚሠራው የመጀመሪያው ከተሳካ ብቻ ነው። የእኔን 200 ፎርሞች እነዚህ ሁለት ምልክቶች ያድኗቸው ነበር።

ለሰው ማስታወሻ እጽፋለሁ። በሀሽ ምልክት የሚጀምርን መስመር ሼሉ ያልፈዋል። እዚያ ላይ ስክሪፕቱ ምን እንደሚሠራና ለምን እንደተጻፈ እገልጻለሁ፤ ማስታወሻውን በአማርኛ መጻፍም ይቻላል።

ያልገባኝን ትዕዛዝ አላስኬድም። ከኢንተርኔት ያገኘሁት ቢሆን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የጻፈልኝ ቢሆን፣ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚል ማስረዳት ካልቻልኩ ይቆያል።

ለመጀመር

ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ የሚገዛ ነገር የለም። በማክ ላይ «ተርሚናል»፣ በዊንዶውስ ላይ «ፓወርሼል» የሚለውን ክፈቱ። መጀመሪያ የሚጠይቁ እንጂ የማይቀይሩ ትዕዛዞችን ተማሩ። ፒ ደብሊው ዲ የሚሉትን ሦስት ፊደላት በእንግሊዝኛ ስትጽፉ «አሁን የት ነው ያለሁት?» ብላችሁ ጠየቃችሁ ማለት ነው። ኤል ኤስ ደግሞ «እዚህ ምን አለ?» ነው። ሁለቱም በማክም በፓወርሼልም ይሠራሉ። የት እንዳላችሁና ምን እንዳለ ሳታውቁ ምንም አታዝዙ።

ከዚያ «መለማመጃ» የሚባል ፎልደር ሥሩና የፎቶዎቻችሁን ቅጂ አስገቡበት፤ ዋናዎቹን አትንኩ። የመጀመሪያ ሥራችሁ ፎቶዎቹን በየዓመታቸው መለየት ሊሆን ይችላል። ሲሳካ የእናታችሁንና የአባታችሁን ፎቶዎች በየሳምንቱ ወደ ሌላ ዲስክ የሚቀዳ ስክሪፕት ጻፉላቸው።

እኔ ያንን ባለ ሁለት መስመር ስክሪፕት አልጣልኩትም። አሁን 14 መስመር ሆኗል። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባዬ ሳይነግረኝ የፎልደሩን ስም ቀየረ። ጠዋት ስገባ በሎጉ ላይ ራሴ በአማርኛ የጻፍኩት መልእክት ጠበቀኝ፦ «ፎልደሩን አላገኘሁትም። ምንም አላጠፋሁም።»