የዕድሜ ልክ ቀለብ፤ እንቅርትና ሕሙማኑ በምዕራብ ጎጃም

በጥቅምት ወር ከደንበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ከግራ ከቀኝ የደረሰውን በቆሎ፣ ያጎነበሰውን ዳጉሳ፣ መቅላት የጀመረውን የበርበሬ ማሳ እያየ ሲያልፍ፣ ይህች ምድር ለልጆቿ የነፈገችው ነገር ይኖራል ብሎ ለማሰብ አይቻለውም። ነገር ግን ያው መንገደኛ በገበያ ቀን ከሕዝቡ መካከል ቆሞ፣ ቅቤና ቅመም ዘርግተው የተቀመጡትን እናቶች አንገት ልብ ብሎ የተመለከተ እንደ ሆነ፣ ከንቅሳቱና ከማተቡ ሥር አብጦ የሚታየውን ነገር ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልገውም። እህል የማትከለክለው ይህች ለም አገር አንድ በዓይን የማይታይ ንጥረ ነገር ከልክላለች፤ እርሱም አዮዲን ነው።

አዮዲን ከየብስ ይልቅ በባሕር የሚበዛ ሲሆን፣ በደጋና በወይና ደጋ አፈር ያለውን ጥቂቱንም ከጥንት ጀምሮ በየክረምቱ የሚወርደው ዝናም እያጠበ በብርና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ ዓባይ ስለሚያወርደው፣ በማሳው የበቀለው እህል፣ እህሉን የበላው ሰው፣ ሣሩን የጋጠችው ላምና ወተቷም ጭምር ከእርሱ የተራቆቱ ይሆናሉ። ለሰው የሚያስፈልገው መጠን ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ለአንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ሰባ ዓመት የኖረ ሰው በዘመኑ ሁሉ የወሰደው ቢደመር አራት ግራም አይሞላም። ይህ ጥቂት ነገር ሲጓደል ከማንቁርት በታች፣ በጉሮሮ ፊት ለፊት፣ ከግራና ከቀኝ ተዘርግታ የተቀመጠችው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኗን መሥራት ይሳናታል፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢም የሆርሞኑን ማነስ ባወቀች ጊዜ፣ ሐኪሞች ቲኤስኤች በሚሉት መልእክተኛ ሆርሞን አማካይነት «ሥሪ» እያለች ስለምታስጨንቃት፣ ታይሮይድ ካለው ጥቂት አዮዲን የተቻላትን ለመሰብሰብ ስትል ታብጣለች፤ እብጠቱም እንቅርት ይባላል።

መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያለ የሚተርተው ሕዝባችን ደዌውን ከጥንት ያውቀዋል፤ ስፋቱን በቁጥር ያወቅነው ግን በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች ከመቶ 36 ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በቡሬና በወምበርማ ወረዳዎች የትምህርት ቤት ልጆችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ተመራማሪዎችም ከልጆቹ እኩሌታ በሚበልጡት ላይ እንቅርት አግኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከመቶ ልጆች 5 እንቅርት ካለባቸው የሕዝብ ጤና ችግር ነው፣ 30 ከደረሱ ደግሞ ጽኑ ችግር ነው ብሎ መወሰኑን ስናስብ፣ የቡሬና የወምበርማ ነገር ምን ያህል ከልክ እንዳለፈ እንረዳለን።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ደዌ እያዩ ዝም አላሉም። በአንገት ላይ በመደዳ የሚነቀሰው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይከላከላል፣ የወጣውንም ይመልሳል ተብሎ ይታመን ነበር፤ አንዳንዱም በምላጭ ያስበጣል፣ ሌላው ያስተኩሳል፣ ሌላው ጠበል ይጠመቃል። ዛሬ ተምረናል የምንል ሰዎች በዚህ ልንስቅ አይገባንም፤ የአውሮጳ ሊቃውንትም ቢሆኑ በርናር ኩርትዋ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1811 አዮዲንን ከባሕር አረም አመድ እስኪያገኝና በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ ለእንቅርት መድኃኒት አድርጎ እስኪሞክረው ድረስ የደዌውን መድኃኒት ለይተው አያውቁም ነበር። የሚያሳዝነው ንቅሳቱ ሳይሆን፣ ፈውሱ ከታወቀ በኋላም በምላጭ በተበጣ አንገት ላይ ቁስል አመርቅዞ ወደ ሐኪም የሚመጣ ሰው መኖሩ ነው።

እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ሕመምተኛ አይደለም፤ የብዙ ሕሙማን እንግልት የሚጀምረውም ይህ ካለመታወቁ ነው። አንዷ አንገቷ ቢያብጥም ሆርሞኗ ሳይጓደል ዕድሜዋን ትፈጽማለች። ሌላዋ አንገቷ ምንም ሳያብጥ ዕጢዋ ሥራ አቁሞ ሰውነቷ ከውስጥ ይቀዘቅዛል፤ በብር ሸለቆ ቆላ ሰው ሁሉ በላብ ሲጠመቅ እርሷ ጋቢ ትደርባለች፤ ቆዳዋ ይደርቃል፣ ጠጉሯ ይረግፋል፣ ድምፅዋ ይጎረንናል፣ ሆድዋ ይደርቃል፣ ፊቷ ያብጣል፣ አደፍዋ ይበዛል፣ ፅንስ ይወርድባታል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የሰው ፍርድ ነው። ማልዳ ተነሥታ ውኃ ትቀዳ፣ እንጨት ትለቅም፣ እንጀራ ትጋግር የነበረች ሴት ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት፣ ባልዋ ስንፍና ነው ይላል፣ አማትዋ ቡዳ ነው ትላለች፣ ጎረቤት ዛር ነው ይላል፤ እርስዋም ራሷ ኅሊናዋ ደንዝዞ ትናንት የተባለችውን ዛሬ ስለምትረሳው፣ የሚሏትን ታምናለች። ደዌው በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ እየበዛ፣ የሚመሰክርላት ላቦራቶሪ ደግሞ በገጠር ስለሌለ፣ ስንት እናቶች በሌላቸው ስንፍና እንደ ተወቀሱ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ሦስተኛዋ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናት። ከብዙ ዘመን እንቅርት የተነሣ ወይም በሌላ ምክንያት ዕጢዋ ከልክ በላይ ሆርሞን ስለሚያፈስ፣ እየበላች ትከሳለች፣ ልብዋ ያለ ሥራ ይደልቃል፣ እጅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ቡና ስትቀዳ ከሲኒው ውጭ ታፈስሳለች፣ እንቅልፍ ታጣለች፣ አንዳንዴም ዓይኗ ይፈጥጣል። የመክሳቷ ነገር ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ክፉ በሽታ ስለሆነ፣ አንገቷን ሳይነካ የሚያልፍ ሐኪም ብዙ ነው። ለእርስዋ የሚታዘዘው ፒቲዩ የሚባለው ክኒን፣ ከእርሱም ጋር የልብ ምት የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ፒቲዩ የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል ከተሰማው፣ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚያጠፋ፣ ጉንፋን ነው ብሎ ሳይንቅ ክኒኑን ትቶ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል።

አሁን ሆርሞኑ ወደ ጎደለባት ሕመምተኛ እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እርስዋ ናትና። በበርን ከተማ የነበረው ቴዎዶር ኮኸር የተባለ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1883 ያሳተመው ምርመራ እንዳሳየው፣ ታይሮይዳቸውን ሙሉ በሙሉ ያወጣላቸው ሕሙማን ከጊዜ በኋላ ፊታቸው አብጦ፣ አእምሮአቸው ፈዝዞ፣ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ተገኙ፤ በዚህም ዕጢዋ ያለ ሥራ እንዳልተፈጠረች ታወቀ። በ1891 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ጆርጅ መሪ የተባለ ወጣት ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ በመርፌ ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት ሰጣት፤ ሞት ደጃፍ ደርሳ የነበረችው ያች ሴት ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። በ1914 አሜሪካዊው ኬንዳል ሆርሞኑን ለይቶ አወጣው፤ በ1927 ሃሪንግተንና ባርገር የተባሉ ሊቃውንት በቤተ ሙከራ ሠሩት። ዛሬ በፍኖተ ሰላም ወይም በባሕር ዳር ከመድኃኒት ቤት የምትገዛው ሌቮታይሮክሲን የተባለች ትንሽ ክኒን የዚያ ሁሉ ድካም ፍሬ ናት።

የአገራችን ሕመምተኛ መድኃኒት የሚያልቅ ነገር መሆኑን ለምዷል፤ ለወባ ሦስት ቀን፣ ለሳንባ ነቀርሳ ስድስት ወር፣ ከዚያ «ጨረስኩ፣ ዳንኩ» ይባላል። ሌቮታይሮክሲን ግን ደዌን ገድሎ የሚሄድ መድኃኒት ሳይሆን፣ ሥጋ ራሱ ሊሠራው ያልቻለውን በየዕለቱ የሚተካ ቀለብ ነው፤ ቀለብም ጠግቤአለሁ ተብሎ ለዘለዓለም አይተውም። ክኒኑን ጀምራ ከሁለት ወር በኋላ የፊቷ እብጠት ጠፍቶ፣ ብርዱ ለቅቋት፣ እንደ ቀድሞዋ እንጀራ መጋገር የጀመረች ሴት፣ ድኛለሁ ብላ ስትተወው፣ ሆርሞኑ በደም ውስጥ በየሰባት ቀኑ እኩሌታው እየቀነሰ ስለሚሄድ ወዲያው አትታመምም፤ ይህም ያታልላታል። ከሳምንታት በኋላ ድካሙ ሲመለስ ክኒኑን ያቋረጠችበትን ቀን አታስታውሰውም፤ ነገሩን የምታያይዘው ካጠፋችው ኃጢአት ወይም ከጎረቤት ክፉ ዓይን ጋር ነው።

አወሳሰዱም ሥርዓት አለው። ክኒኗ በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውኃ፣ ከቁርስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት አስቀድሞ ትዋጣለች፤ ከቡና ጋር ከተዋጠች ግን ወደ ደም የሚገባው ስለሚቀንስ፣ አቦሉ ይቆይ ማለት ያስፈልጋል፤ ይህም ለጎጃም ሴት ቀላል ምክር እንዳይደለ ጸሐፊው ያውቃል። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒንና የካልሲየም ክኒን ከእርስዋ ጋር ስለማይስማሙ አራት ሰዓት መራራቅ አለባቸው፤ በእርግዝና ክትትል የብረት ክኒን የምትቀበል ሴት የታይሮይድ ሕመም እንዳለባት ካልተናገረች ሁለቱን አብራ ልትውጣቸው ትችላለች። ያረገዘች ሴት ደግሞ ክኒኑን መተው ሳይሆን መጠኑን ማስጨመር ነው የሚገባት፤ ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነውና። በማኅፀን ሳለ አዮዲንና ሆርሞን የተነፈገ ሕፃን መስማትና መናገር ተስኖት፣ አእምሮው ደክሞ ሊወለድ ይችላል፤ ያም ጉዳት ከተፈጸመ በኋላ በመድኃኒት አይመለስም።

ስለ ጾም ሳይጠይቅ የሚሄድ ሕመምተኛ ጥቂት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጧት ክኒን በውኃ መዋጡ ጾም መግደፍ መስሎት በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ክኒኑን የሚተወው አለ። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምታዝን መሆኗን ካህናቱ በሚገባ ያውቃሉ፤ ሆኖም ልቡ ለማይፈቅድለት ሰው ሌላም መንገድ አለ፤ ከእራት ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ በመኝታ ጊዜ ቢወሰድ ክኒኑ ከጧቱ ያላነሰ እንደሚሠራ በምርምር ታይቷል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሐኪሙና ከንስሓ አባቱ ጋር ተማክሮ ሰዓቱን ቢያዛውር ይሻላል እንጂ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ማቋረጥ አይገባውም።

ምርመራውም የራሱ ግራ መጋባት አለው። ሆርሞኑ ሲያንስ የመልእክተኛው የቲኤስኤች ቁጥር ይወጣል፣ ሲበዛ ይወርዳል፤ ስለዚህ «ቁጥርሽ ከፍ ብሏል» የተባለች ሴት መድኃኒቱ የበዛባት መስሏት ልትቀንሰው ትችላለች፤ የሚያስፈልጋት ግን መጨመር ነው። መጠኑ ከተለወጠ በኋላ እውነተኛው ውጤት የሚታወቀው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሞላ ነው፤ ለዚህም ምርመራ ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ እስከ ባሕር ዳር ወይም እስከ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው የመሳፈሪያውን፣ የማደሪያውንና የምርመራውን ዋጋ አንድ ላይ ማሰብ አለበት። የጤና መድን ደብተር ያለው ሰው እንኳ ክኒኑ ከመንግሥት መድኃኒት ቤት ሲጠፋ ከግል ቤት በኪሱ ይገዛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ፣ ገንዘብ ያለውም ክኒን ሲያጣ ኖሯል።

ስለ ጨው ጥቂት ልጨምር። በአዮዲን ታክሞ ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ምክንያት ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 204 የምግብ ጨው ሁሉ በአዮዲን እንዲታከም ደነገገ። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በ89ኙ ተገኘ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም በብዙው ጨው ውስጥ የተገኘው አዮዲን ከሚፈለገው በታች ስለነበረ፣ ነገሩ አልቋል ብሎ መቀመጥ አይገባም። አዮዲን በፀሐይና በእሳት ስለሚበንን፣ ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ከእሳት ሊወጣ ሲል መጨመር ይበጃል። ጎመንም እንቅርት ያመጣል እየተባለ ይፈራል፤ ተቀቅሎ ለሚበላና አዮዲን ያለው ጨው ለሚጠቀም ሰው ግን የሚያስፈራ አይደለም። ጨው ለነገው ልጅ መከላከያ ነው እንጂ፣ ዕጢዋ ሥራ ላቆመባት እናት የክኒኑ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ለረጅም ዘመን የቆየና የጓጎለ እንቅርት ያለባቸው አረጋውያን አዮዲን ሲጨመርላቸው ሆርሞናቸው ከልክ በላይ ሊወጣ እንደሚችል በዚምባብዌ ስለታየ፣ ልባቸው መደለቅ ከጀመረ መመርመር አለባቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ይህን ክኒን የምትወስድ እናት ወይም እህት ያለችህ እንደ ሆነ፣ «አሁንም አልዳንሽምን?» ብለህ አትጠይቃት፤ ክኒኑ ከማለቁ ከሁለት ሳምንት በፊት ከከተማ ማን እንደሚያመጣላት ከቤተሰቡ ጋር ተማከር።