የጎንደር በር ሊማሊሞ ነው

ጎንደርን ሊጎበኝ የሚመጣ እንግዳ ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን ካዳረሰ ታሪኩን የጨረሰ ይመስለዋል። በማግስቱ ወደ ደባርቅ ቢወጣም ዋልያና ጭላዳ ፍለጋ ነው። ታሪክ ከተማው ውስጥ ቀርቷል፣ ከዳባት ወዲያ ያለው ተፈጥሮ ነው ተብሎ ተነግሮታል። ዩኔስኮም የስሜንን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በተፈጥሮ ቅርስነት፣ ፋሲል ግቢን በ1979 በባህል ቅርስነት ለየብቻ መዝግቧል። ክፍፍሉ ለመዝገብ ያመች ይሆናል፤ ለማስተዋል ግን አያመችም። ጎንደር በምን እንደኖረች፣ በየት በኩል እንደተከፈተችና እንደተዘጋች የሚነግረን ከወገራ እስከ ሊማሊሞ የተዘረጋው አገር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከድንጋዩ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከተሰነጠቀው ምድር የወጣ ቅልጥ ዐለት እየተደራረበ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ሸፈነ፤ በላዩም ሰፊ የእሳተ ገሞራ ተራራ ተከመረበት። የዛሬው ስሜን የዚያ ተራራ ቅሪት ነው። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ያሠሩበት ጥቁር ድንጋይም የዚሁ የእሳተ ገሞራ ምድር ፍሬ ነው። ተራራው ታዲያ በሁሉም ወገን እኩል አልተሸረሸረም። በሰሜን በኩል ወደ ተከዜ የሚወርዱት ወንዞች ቦርቡረው ቦርቡረው ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚያሳይ ገደል አደረጉት፤ በደባርቅ በኩል ግን ጀርባው እየለዘበ ከወገራ ደጋ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ አድርጎ የሚመጣ መንገደኛ ተከዜን ከተሻገረ በኋላ ሊማሊሞን አንድ ጊዜ በጭንቅ ይወጣል፤ ደባርቅ ከደረሰ ዳባትን፣ አምባ ጊዮርጊስን እያለ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በደጋው ጀርባ ተጉዞ ጎንደር ይገባል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው በዚሁ አቀበት ነው። ወገራንም የጎንደር የእህል ጎተራ አድርጎ ገልጾታል፤ ዛሬ በዳባት ዙሪያ ገብሱንና ስንዴውን ያየ ሰው አነጋገሩ አይገርመውም።

ከተማዋን የወለዳት የደምቢያ ሜዳና የጣና ሐይቅ እንጂ ስሜን አይደለም የሚል ሙግት ሊነሣ ይችላል። ሙግቱ ክብደት አለው። ከፋሲለደስ በፊት የነበሩት ነገሥታት ጉዛራን፣ ጎርጎራንና ደንቀዝን የመረጡት ለሐይቁ ቀርበው ነው፤ የስናርና የጎጃም ንግድም በዚያው አቅጣጫ ይመጣ ነበር። ይሁን እንጂ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁር ከሐይቁ 300 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ፣ ለሰሜኑ መንገድም ወደሚቀርብ ስፍራ ወጣ። የደምቢያን ሜዳ ወባ ሽሽት አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ የወባ ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ እድገቱ ይጓተታልና። ንጉሡ ኢየሱሳውያንን ካባረረ በኋላ የካቶሊክ ካህናት ዳግም እንዳይገቡ ከምጽዋና ከሱዋኪን የቱርክ ሹሞች ጋር መዋዋሉም ዓይኑ ከሰሜኑ በር እንዳልተነሣ ያሳያል።

ስሜን እኮ ለነገሥታቱ የጠላት አገር ነበር የሚል ቢኖር፣ እውነት ነው። ሠርጸ ድንግልም ሱስንዮስም በአምባዎቹ ላይ ከመሸጉት የቤተ እስራኤል መሪዎች ጋር ተዋግተዋል። ይህ ግን ሐሳቤን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ከደጃፉ በላይ ሌላ ኃይል ተቀምጦ ዐርፎ የሚተኛ ንጉሥ የለም። በ1934 ዓ.ም. ደባርቅ አጠገብ ወልቅፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዞች ተከቦ መስከረም ላይ እጁን ሰጠ፤ ጎንደር የወደቀችው ከዚያ በኋላ ኅዳር ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያም የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ መሥመር ዳባት ድረስ ዘልቆ፣ ጭና በተባለች መንደር ንጹሐን አልቀዋል። ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው።

ሁለት ቀን ብቻ ያለው ጎብኚ ይህን ሁሉ እንዴት ያዳርስ? ቻይና ውስጥ ጥንታዊቷን መዲና ሺያንን የሚጎበኝ ሰው የከተማዋን ቅጥር አይቶ አይመለስም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ገበሬዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ወደተገኘው የሸክላ ሠራዊት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ለኛም ሊማሊሞ ጫፍ ቆሞ የወጡበትን ገደል ቁልቁል ማየት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጊዜ የተረፈው ወደ ደረስጌ ማርያም ይዝለቅ። የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ይህን ቤተ ክርስቲያን በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እገዛ ያሠሩት ሊነግሡበት አስበው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የጎንደር ዘመን ያበቃው በጎንደር ግንቦች ውስጥ ሳይሆን፣ እዚህ ስሜን ላይ ነው።