ታጥፎ የሚመለስ ብረት

በሰፈራችሁ ያሉትን የግቢ በሮች አንድ ቀን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ብዙዎቹ የላሜራ በሮች ላይ ከገጹ ትንሽ ጎበጥ ብለው የወጡ መስመሮች አሉ፤ አንዳንዱ በር ላይ ከጥግ ጥግ ይቋረጣሉ፣ ሌላው ላይ አልማዝ ይመስላሉ። እኔ ለዓመታት ጌጥ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። የእኛን በር የሠሩትን አዛውንት አንድ ቀን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ጌጥስ ጌጥ ነው ልጄ፤ እነሱ ባይኖሩ ግን በርህ ነፋስ በመጣ ቁጥር ነጋሪት ይመታልህ ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ ላሜራ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለሁለት ሆናችሁ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ብታነሡት መሐሉ እንደ እርጥብ ጋቢ ይረግባል፤ ወዝወዝ ስታደርጉት ያጉረመርማል። ይኸው ላሜራ ጠርዝ ጠርዙ ሲታጠፍና ገጹ ላይ ሁለት መስመር ሲወጣበት ጸጥ ይላል። 10 ሴንቲሜትር ስፋትና 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ቁራጭ መሐሉ ላይ አጥፋችሁ የኤል ቅርጽ ብታስይዙት፣ አንድ ግራም ብረት ሳትጨምሩበት መጉበጥን የሚቋቋምበት አቅም በመቶዎች እጥፍ ያድጋል። ልጆች ወረቀት አጣጥፈው ማራገቢያ ሲሠሩ ሳያውቁት የሚነኩት ምስጢር ይኼ ነው።

ጣራችን ላይ ያለው ቆርቆሮም የቆመው በዚሁ ዘዴ ነው። ሄንሪ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1829 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው፣ ስስ ብረትን ሞገድ አስይዞ ጣራ የማድረግ ሐሳቡን ነበር። የ200 ሊትር በርሜል ወገቡ ላይ ያሉት ሁለት ቀለበቶችም በርሜሉን ለማንከባለል ያህል ብቻ የወጡ አይደሉም፤ ገላውን እንዳይጨረመት አስረው ይይዙታል። ምናለሽ ተራ ገብቶ ያንኑ በርሜል ተሰንጥቆና ተዘርግቶ ምድጃ ሊሆን ሲቀጠቀጥ የሰማ ሰው፣ እነዚያን ቀለበቶች ለማቃናት ስንት መዶሻ እንደሚፈጅ ጆሮው ይነግረዋል።

የብረታ ብረት ቤቶች ቋንቋ ራሱ ንብርብር ነው። ዕቃውና የእጅ መሣሪያው ጣልያንኛ ነው፦ ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ሊማ፣ አንጎላሬ፣ ቱቦላሬ። የተጋጨ መኪና የሚያቃናው ባለሙያ እስከ ዛሬ ባትላሜራ ነው የሚባለው፤ ላሜራ መቺ ማለት ነው። ኋላ የመጡት ማሽኖች ደግሞ የእንግሊዝኛ ስማቸውን ይዘው ገቡ፦ ቤንዲንግ፣ ሮሊንግ፣ ግራይንደር። ሥራው ግን አማርኛ ሆኖ ቀርቷል፤ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ ይቃናል፣ ይቀጠቀጣል። «ላሜራውን ቤንዲንግ ላይ እጠፈው» የሚል አለቃ በአንድ ትንፋሽ ሦስት አገር ዞሮ ይመለሳል።

ማጠፍ ማሽን ሳይኖርም ይቻላል። ስስ ላሜራ በሁለት አንጎላሬ፣ ማለትም በኤል ቅርጽ ብረቶች መሐል ይነከሳል፣ መንከሻው ሞርሳ ላይ ይጠብቃል፣ በእንጨት መዶሻ ከዳር ዳር ቀስ እየተባለ ይወርዳል። የብረት መዶሻ ላሜራውን እየሳሳና እየተዘረጋ እንዲሄድ ስለሚያደርገው ጠርዙ ይወዛወዛል፤ እንጨት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ሲያልፍ ግን ክንድ ይደክማል፤ ሥራው ወደ ቤንዲንግ ማሽን ይሄዳል።

የቤንዲንግ ማሽን አሠራር ሲታይ ቀላል ነው። ከላይ እንደ ቢላ የረዘመ ወንዴ አለ፤ ከታች የቪ ቅርጽ ጎድጓዳ ያላት ሴቴ አለች። ላሜራው በሁለቱ መሐል ይጋደማል፣ ወንዴው ይወርዳል፣ ላሜራውም ወደ ጎድጓዳው እየገባ ይታጠፋል። ጉልበቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከዘይት ግፊት ነው። ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 በእንግሊዝ ያስመዘገበው ዘዴ እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ በጠባብ ቱቦ የተገፋ ፈሳሽ በሰፊው ቱቦ ውስጥ ያለውን ክብደት ያነሣል። ጉልበቱም የዋዛ አይደለም። 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 1 ሜትር ርዝመት ያለው ተራ ብረት፣ የሴቴዋ አፍ 24 ሚሊሜትር ሲሆን፣ 24 ቶን ገደማ ይጠይቃል። የአፏ ስፋት የላሜራውን ውፍረት ስምንት እጥፍ ይሁን የሚለው የባለሙያዎች ልማድ ነው። አንድ ሰነፍ ሴቴዋን ሳይቀይር 6 ሚሊሜትር ብረት ቢጭንባት፣ ውፍረቱ እጥፍ ሆነ ብሎ ጉልበቱም እጥፍ ይበቃል እንዳይመስለው፤ አራት እጥፍ ነው የሚፈልገው። ማሽን የሚሰነጠቀው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

እስከዚህ ያለው ጉልበት ነው። ሙያው የሚጀምረው ወንዴው ወደ ላይ ሲመለስ ነው።

ብረት ጥቂት ሲገፉት እንደ ሞላ ይጎብጣል፣ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ከልኩ በላይ ሲገፉት ይረታል፤ አዲሱን ቅርጽ ይይዛል። ነገር ግን የተረታ የመሰለው ብረት ውስጥ ያልተረታ ክፍል አለ። በመታጠፊያው ላይ የውጪው ገጽ ተለጥጧል፣ የውስጡ ተጨምቋል፤ በሁለቱ መሐል ያለው ሥጋ ግን ገና ሞላ ነው፣ ሲለቀቅ ወደ ኋላ ይጎትታል። ስለዚህ ልክ 90 ዲግሪ ላይ የታጠፈ ጥቁር ላሜራ፣ ማሽኑ ሲለቀው 91 ይሆናል። ስቴንለስ ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ 2 ወይም 3 ዲግሪ ይመለሳል። ባለሙያው ይህን አስቀድሞ ያውቃል፤ 90 የሚፈልገውን 89 ወይም 87 አድርጎ ያጥፈዋል። ችግሩ፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ስም የመጡ ሁለት ላሜራዎች እንኳ አመላለሳቸው አንድ አለመሆኑ ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ሠራተኛ አዲስ ጭነት ሲመጣለት መጀመሪያ ቁራጭ አጥፎ በማዕዘን መለኪያ የሚያየው። የሴቴዋ አፍ 16 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ወንዴው ከልኩ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ዝቅ ቢል ማዕዘኑ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይለወጣል። የወረቀት ውፍረት ማለት እኮ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ተቃጥያለሁ። በሁለት ግድግዳ መሐል የሚገባ መደርደሪያ አሠራሁ፤ ስፋቱ 600 ሚሊሜትር፣ ሁለቱም ጠርዙ 30፣ 30 ሚሊሜትር ወደ ታች የታጠፈ። ሠራተኛው 600 እና 60 ደምሮ 660 ቆረጠ፤ ማንም የሚደምረው እንደዚያ ነው። ታጥፎ ሲመጣ ወገቡ ከ605 በለጠ፤ ግድግዳዬም አላስገባው አለ። «ላሜራው ሲታጠፍ ረዘመ» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ፤ እኔም ያኔ ሰበብ መሰለኝ።

ኋላ ነው የገባኝ። ሠራተኛው የተሳሳተው በቋንቋው እንጂ ነገሩ ልክ ነበር። ላሜራው ጥጉ ላይ ሹል ማዕዘን አይሠራም፤ ክብ ብሎ ያቋርጣል። ከውጪ በሜትር ስንለካ ግን ያልተሄደበትን ሹል ጥግ ጭምር እንቆጥራለን። መሐሉ ላይ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ፣ የማይለጠጥም የማይጨመቅም መስመር አለ፤ እውነተኛው ርዝመት በእሱ ላይ ነው የሚለካው። 1.5 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ ለእያንዳንዱ የ90 ዲግሪ እጥፋት ወደ 2.8 ሚሊሜትር መቀነስ ያስፈልጋል። ሁለት እጥፋት ስለነበር፣ መቆረጥ የነበረበት 660 ሳይሆን 654.5 ገደማ ነው። መደርደሪያው ዛሬም አለ፤ ዶሮ ቤት ውስጥ።

ላሜራ የመጣበት አቅጣጫም ይቆጠራል። ፋብሪካ ውስጥ ተዳምጦ ሲሳሳ ውስጡ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሳብ፣ እንደ እንጨት ክር ዓይነት ነገር ያበጃል። ከክሩ ተሻግሮ የታጠፈ ላሜራ ይችላል፤ ከክሩ ጎን ለጎን ጠበቅ ተደርጎ የታጠፈ ግን ውጪው ሊተረተር ይችላል፣ በተለይ ጠንከር ያለ አሉሚኒየም ከሆነ። ከአንድ ላሜራ ብዙ ቁራጭ ለማውጣት እያገላበጠ የሚቆርጥ ሰው ያተረፈውን ብረት በስንጥቅ ሊከፍል ይችላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የማሽኑ ነገር ነው። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቤንዲንግ በሁለት ጫፎቹ ነው የሚገፋው። ሲጫን እሱም ብረት ነውና መሐሉ ላይ ለዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል። ውጤቱ የታጠፈው ላሜራ ላይ ይታያል፤ ጫፍና ጫፉ 90 ሆኖ መሐሉ ተከፍቶ ይገኛል። አጣፊው ራሱ ታጠፈ ማለት ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች ይህን በራሳቸው የሚያካክሱበት ዘዴ አላቸው። አሮጌው ዘንድ ግን ሴቴዋ ሥር፣ መሐል ላይ፣ ስስ የላሜራ ቁራጭ ወይም የተጣጠፈ ወረቀት ሲወተፍ አይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ለቆሻሻ ነበር የቆጠርኩት።

ክብ ነገር ሲመጣ ጨዋታው ይለወጣል። የነዳጅ ቦቴ፣ የውኃ ታንከር፣ የጭስ ማውጫ፣ የግድብ ውኃ ወደ ተርባይን የሚወርድበት ግዙፍ የብረት ቱቦ፣ ሁሉም ጠፍጣፋ ሆነው ገብተው ተጠቅልለው ነው የሚወጡት። ሮሊንግ ማሽን በአብዛኛው ሦስት ወፋፍራም ሮለሮች አሉት፤ ሁለት ከታች፣ አንድ ከላይ። ብረቱ በመሐላቸው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ በየምልልሱ ሮለሩ ትንሽ እየተጠጋ ጉብጠቱ ይጨምራል።

መጀመሪያ ግን ቆረጣው ነው። የውስጥ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ታንከር እንሥራ እንበል። አንዱ ሠራተኛ 1,000ን በ3.1416 አባዝቶ 3,142 ሚሊሜትር ይቆርጣል። ሌላው ከውጪ ለክቶ 3,179 ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የሚለካው የብረቱ መሐል ነውና 1,006 ይባዛል፣ 3,160 ይመጣል። በመጀመሪያው የቆረጠ ሰው ዳርና ዳሩን አገናኝቶ ሲበይድ የታንከሩ ውስጥ 994 ሚሊሜትር ይሆንበታል፤ ለ1 ሜትር የተቆረጠው ክዳንም ደጅ ይቀራል።

እዚህ ላይ የብረት መመለስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥጉ ጠባብ በሆነ እጥፋት ብረቱ ክፉኛ ስለሚረታ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ሰፊ ክብ ሲሠራ ግን የሚረታው ትንሽ፣ ሞላ ሆኖ የሚቀረው ብዙ ነው። ያንኑ የ6 ሚሊሜትር ተራ ብረት ሮለሮቹ መሐል ስፋቱ 77 ሴንቲሜትር ገደማ ወደሆነ ክብ ካልጨመቁት፣ ሲለቀቅ ተከፍቶ 1 ሜትር ላይ አይቆምም፤ በስሌት የሚመጣው ይህን ያህል ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በአንድ ጊዜ አይዘልም። በየምልልሱ ከቆርቆሮ የተቆረጠ የክብ ቅስት ናሙና ከውስጥ እያስጠጋ ብርሃን የሚያስገባበትን ያያል። ከልኩ በላይ የተጠቀለለን ብረት መልሶ መክፈት ከመጠቅለሉ ይብሳል።

እንዲህ ያለው ባለ ሦስት ሮለር ማሽን አንድ አስቸጋሪ አመል አለው፤ የብረቱን ጫፍና ጫፍ አይነካም። መጎበጥ የሚጀምረው ብረቱ በታችኞቹ ሁለት ሮለሮች ላይ ሲጋደም ስለሆነ ዳርና ዳሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ክብ ይሆናል የተባለው የእንባ ጠብታ ይመስላል። መፍትሔው ከመጠቅለሉ በፊት ሁለቱን ጫፎች በፕሬስ ወይም በከባድ መዶሻ ማጉበጥ ነው፤ ወይም ትርፍ አስቀርቶ ኋላ መቁረጥ። አራት ሮለር ያለው ማሽን ጫፉን ነክሶ ስለሚያጎብጥ ይህን ጣጣ ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን እንደ ሙያው ነው። ብረቱ ሲገባ ቀጥ ብሎ ካልገባ ደግሞ ጠርዝና ጠርዙ ሳይገናኝ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይዛነፋል። ሁሉም ሳይበላሽ ካለቀም አንድ ቀልድ ይቀራል፤ ክቡ የላይኛውን ሮለር አቅፎ ይቀመጣል። ለዚህም ነው የሮለሩ አንድ ጫፍ ማቀፊያ እንደ በር የሚከፈተው፤ ታንከሩ በዚያ ተጎትቶ ይወጣል።

ሮለር ከእጅ ጋር ጨዋታ የለውም። ቤንዲንግ ጣት ይቆርጣል፤ ሮሊንግ ግን ጓንቱን ይዞ እጁን ያስከትላል። ስለዚህ ብረቱ በሚገባበት በኩል ልቅ ጓንት አድርጎ የሚቆም ረዳት ካያችሁ ዝም አትበሉ።

ባለፈው እኚያው በሬን የሠሩት አዛውንት ብረታ ብረት ቤት ስደርስ ታንከር እየተሠራ ነበር። ዳርና ዳሩ በብየዳ ተያይዟል፤ ብየዳው በደረቀበት መስመር ላይ ግን ክቡ ትንሽ ጎፍጎፍ ብሏል። ረዳታቸው የሆነው ልጅ የቅስት ናሙናውን ከውስጥ አስጠግቶ ጎንበስ አለና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ አንድ ጣት ብርሃን ይገባል» አላቸው።

አዛውንቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት። በጠመኔ ሁለት ምልክት አደረጉበት።

«ወደ ሮለሩ መልሰው። ከዚህ እስከዚህ ብቻ፣ ቀስ እያልክ።»