የጉብኝቱ ወንበር ለፈረቃ ኦፕሬተሩ ይሰጥ



ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሲወራ ሁሌም የሚወራው ስለ ግንባታው ነው። ስንት ሜትር ኪዩብ ያጣራል፣ ስንት ብር ወጣበት፣ ማን መረቀው። ከምርቃቱ በኋላ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፓምፕ ሲቆም ወይም ገንዳው አረፋ ሲያነሳ፣ እዚያ ቆሞ የሚወስነው ግን የፈረቃው ኦፕሬተር ነው። ለልምድ ልውውጥ ሌላ ጣቢያ ለመጎብኘት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ኃላፊው ነው። ይህ መቀየር አለበት። ለምን እንደምል ላስረዳ።

የአዲስ አበባውን የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ እንውሰድ። የአዲሱ ጣቢያ አቅም በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ ነው። ፍሳሹ አሸዋና ቆሻሻው ከተለየለት በኋላ ኦክስጅን ወደሌለበት ገንዳ ይገባል። እዚያም ከታች ወደ ላይ እየወጣ ባክቴሪያ በሞላው ዝቃጭ መሃል ያልፋል። ቀጥሎ በሌላ ማጣሪያ ላይ ከላይ ይረጫል፤ የተረፈውን ቆሻሻ አየር የሚፈልጉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። በሥዕል ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ክረምት ገብቶ የዝናብ ውሃ ከፍሳሽ መስመር ጋር ሲቀላቀል ግን ፍሰቱ በአንዴ ያሻቅባል፤ እንዲህ ዓይነቱ ገንዳም ለወራት ያከማቸውን ዝቃጭ በጥቂት ሰዓት ሊያጣ ይችላል። ከአንድ ፋብሪካ አሲድ ቢለቀቅና የገንዳው ፒኤች ከ6.5 በታች ቢወርድ ደግሞ ሚቴን የሚያመነጩት ረቂቅ ተሕዋስያን ይዳከማሉ። የሚባዙት በዝግታ ስለሆነ ለማገገም ሳምንታት ይፈልጋሉ። በእነዚያ ሳምንታት በደንብ ሳይጣራ የሚወጣው ውሃ መንገዱ የታወቀ ነው፤ አቃቂ ወንዝ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። በአቃቂ ዳርቻ ደግሞ የምንበላው ጎመንና ሰላጣ ይለማል።

ላቦራቶሪ አለ አይደል ትሉ ይሆናል። አለ፤ ዋናው የብክለት መለኪያችን ቢኦዲ ግን ውጤቱ የሚታወቀው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ኦፕሬተሩ አምስት ቀን መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ በዓይኑና በአፍንጫው የሚያውቀው ነገር መኖር አለበት። አየር እየተነፋበት በሚያጣራ ጣቢያ ጤነኛ ዝቃጭ ቡናማ ነው፤ ሽታውም ዝናብ እንደነካው አፈር ነው። ከጠቆረና የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ኦክስጅን አንሶታል ማለት ነው። ከአየር ገንዳው ናሙና ቀድቶ በመስታወት ዕቃ ለ30 ደቂቃ ማስቀመጥ ብቻ ብዙ ይናገራል። ዝቃጩ ተሰብስቦ ከታች ሲረጋና ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ሲቀር ደኅና ነው። ካልረጋ ክር መሳይ ባክቴሪያዎች በዝተው ይሆናል። መጀመሪያ ረግቶ ቆይቶ ከነአረፋው ከተንሳፈፈ ደግሞ ናይትሮጅን ጋዝ እያነሳው ነው። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ከስላይድ አይገኝም። የሌላ ጣቢያ ባልደረባ ዕቃውን ከፊቱ አስቀምጦ፣ «ባለፈው እንዲህ ሲሆንብን ይህን አደረግን» ሲለው ነው የሚገባው።

ጥሩ ጉብኝት የውሃውን መንገድ ተከትሎ ከመግቢያው ወንፊት እስከ መውጫው ይሄዳል። ከቢሮ አይጀምርም። ጎብኚው ስለ አቅም ሳይሆን ስለ ብልሽት ይጠይቅ፤ የትኛው ፓምፕ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል፣ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ፣ የፈረቃ መዝገባችሁን አሳዩን። ከተቻለ አንድ ሙሉ ፈረቃ አብሮ ይዋል። ያን ቀን የሚያየውን የአንድ ሳምንት ሥልጠና አይሰጠውም ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ መቅደም አለበት፤ ጋዝ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በትንሹ ሲኖር ይሸታል። መጠኑ ወደ 100 ፒፒኤም ሲጠጋ አፍንጫ ይደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል፤ አደጋው ግን ጨምሯል። በማንሆልና በተዘጉ ጉድጓዶች ከሚሞቱት ብዙዎቹ የወደቀ ጓደኛቸውን ሊያወጡ ተከትለው የገቡ ናቸው። የጋዝ መለኪያ፣ ማናፈሻና የማውጫ ገመድ ሳይኖር ማንም አይግባ። ጓደኛችሁ ቢወድቅም እንኳ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ አትግቡ፤ እርዳታ ጥሩ።

ልምድ ከውጭም ሊመጣ ይችላል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ የቤታችሁ ፍሳሽ ከሚሄድባቸው ጣቢያዎች አንዱ ብሉ ፕሌይንስ ነው፤ በዓለም በዘርፉ ከታላላቆቹ የሚቆጠር ጣቢያ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኦፕሬተር የሚሠራው ተፈትኖ ፈቃድ አውጥቶ ነው፤ ፈቃዱን ለማደስም ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት አለበት። በዚህ ሙያ ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። የፈረቃ ሥራችሁ ምን እንደሚመስል በአማርኛ ብትነግሩን ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉት ኦፕሬተሮች ትልቅ ስጦታ ነው።

እናንተ ሥልጠና የምታዘጋጁ ኃላፊዎች ደግሞ በሚቀጥለው የጉብኝት ዝርዝር ላይ ቢያንስ ግማሹን ስም ከፈረቃ ኦፕሬተሮች ሙሉት። የሌሊት ፈረቃዎቹን አትርሷቸው።