ዝናቡን በየማለዳው የሚለኩት ጎረቤቶቻችን

አዲስ አበባ ላደገ ሰው የኮሎራዶ ዝናብ ዝናብ አይመስለውም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ ዴንቨርና አካባቢዋ ግን ወደ 370 ሚሊ ሜትር፣ በዚህ አገር መለኪያ ከ14 እስከ 15 ኢንች ብቻ ነው። የሐምሌን ጭቃ ረግጠን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዶፍ እየሰማን የተኛን ሰዎች፣ እዚህ ሁለት ቀን ዘንቦ ሰው "ኧረ ዝናቡ!" ሲል እንስቃለን። እኔም ስስቅ ነበር። ኦሮራ ውስጥ ሬስቶራንት ስከፍት ጤፉንም፣ በርበሬውንም፣ ሽሮውንም ቤዝመንት ነበር ያስቀመጥኩት። ጎርፍ የሚባል ነገር በሐሳቤም አልመጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሜይ ወር፣ ሐሙስ ቀን ነው። ለቅዳሜ ትልቅ የሠርግ ትእዛዝ ስለነበረን ወጥ ቤቱ ተጨናንቋል። 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ሰማዩ ጠቆረና መጣ። ሃምሳ ደቂቃ ቢዘንብ ነው። ሽንኩርት ልታመጣ ወደ ታች የወረደችው ልጅ እየጮኸች ተመለሰች። ስወርድ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፏል፤ ከሕንፃው ጀርባ ካለው መተላለፊያ በደረጃው በኩል እየወረደ ይገባል። አሥራ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ፣ እህቴ ከአገር ቤት አዘጋጅታ የላከችው በርበሬ፣ የዓመት ሽሮ፣ ሁሉም ሄደ። ሠርጉን ሌሎች የአበሻ ሬስቶራንቶች ጤፍ አበድረውን ተወጣነው፤ እግዜር ይስጣቸው።

ራስ ምታቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሕንፃው ባለቤት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። የዴንቨር ኦፊሴላዊ የዝናብ መጠን የሚለካው ኤርፖርቱ ላይ ነው፤ በዚያን ቀን እዚያ የተመዘገበው የአንድ ኢንች ሲሶ እንኳ አይሞላም። "ይህች ጠብታ ቤዝመንት አትሞላም፤ የፈነዳው የናንተ የወጥ ቤት ቧንቧ ነው" አለኝ። በውላችን የውስጥ ቧንቧ የተከራይ ኃላፊነት ነው። እንግዲህ ግድግዳ ማድረቁም፣ ወለል መቀየሩም፣ ሻጋታ ማስጠረጉም በእኔ ኪስ ሊሆን ነው። ኤርፖርቱ ከእኛ ከ10 ማይል በላይ ይርቃል ብዬ ተከራከርኩ። በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። ግን ወረቀት የያዘው እሱ ነው።

ዘወትር ዓርብ ምስር ወጥ ሊበሉ የሚመጡ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው ጉርሻቸውን አስቀምጠው "ሁለት ነጥብ አርባ ስድስት" አሉ። ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ለካ ሰውየው ከሬስቶራንታችን አራት ብሎክ ርቆ ባለው ጓሯቸው ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት በየቀኑ ዝናብ ሲለኩ ኖረዋል! የዚያን ዕለት 2.46 ኢንች፣ ወደ 62 ሚሊ ሜትር ለክተዋል። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደዘነበ፣ ውሃው መንገዱን ሞልቶ እግረኛ መሄጃው ላይ እንደወጣ ሁሉ ጽፈዋል። በማግስቱ ካርታ አትመው አመጡልኝ። በዙሪያችን ያሉ ሌሎች ሰዎች የለኩትም አለበት፤ አንዱ ጋ 2.10፣ አንዱ ጋ 1.75፣ ወደ ኤርፖርቱ በኩል ያለው ሰው ጋ ደግሞ 0.20።

የሕንፃው ባለቤት ካርታውን ካየ በኋላ ብዙም አልተከራከረም። የኋላው መተላለፊያ የውሃ መውረጃ ሲታይ በቅጠልና በቆሻሻ ተደፍኗል። አስጠረገው፤ የግድግዳውንና የወለሉንም ወጪ ቻለ። ሠራተኞቼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌውን "ጋሽ ዝናቡ" ነው የሚሏቸው። የስሙን ትርጉም ስንነግራቸው በጣም ነው ደስ ያላቸው።

ጋሽ ዝናቡ ብቻቸውን አይደሉም። ኮኮራስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች መረብ አባል ናቸው። የተጀመረው እዚሁ ኮሎራዶ ነው፤ የተጀመረውም ከሐዘን ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁላይ 28 ቀን 1997 ምሽት፣ ከዴንቨር በስተ ሰሜን ባለችው ፎርት ኮሊንስ ከተማ ከባድ ዝናብ ወረደ። አምስት ሰዎች ሞቱ። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤቱ በውሃ ተሞልቶ ከ400 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተበላሹ። በኋላ ሲጣራ በከተማይቱ ደቡብ ምዕራብ በኩል ከአንድ ቀን ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ከ14 ኢንች በላይ ዘንቧል፤ የአንድ ዓመት ዝናብ ማለት ነው። ጥቂት ማይል ርቆ በምሥራቅ በኩል ግን 2 ኢንች እንኳ አልሞላም። አንድ ከተማ ነው እኮ! ውሃ እየወረደባቸው መሆኑን ከላይ ያሉት ሰዎች ሲያዩ፣ ከታች ያሉት እራት ይበሉ ነበር።

በዩኒቨርሲቲው የአየር ንብረት ባለሙያ የነበሩት ኖላን ዶስከን ከጎርፉ በኋላ ሕዝቡን "በየቤታችሁ ምን ያህል ለካችሁ?" ብለው ጠየቁ። ከባልዲም፣ ከጓሮ መለኪያም የተገኘው ተሰበሰበ። በዓመቱ፣ በ1998፣ ኮኮራስ ተመሠረተ። ዛሬ በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች፣ በካናዳና በባሃማስም አባላት አሉት፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ደመወዝ የለም። መምህር አለ፣ ገበሬ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ተማሪም አለ።

"በዚህ ዘመን ራዳር እያለ የሰው ባልዲ ለምን ያስፈልጋል?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ራዳር ዝናቡን ከሩቅ ሆኖ ይገምታል እንጂ አይለካም። በተለይ ደመናው የበረዶ ጠጠር ሲኖርበት ራዳሩ ይታለልና ከእውነቱ በላይ ያደርገዋል። መሬት ላይ ያለው ሰው ያየውን ሲልክ ነው ግምቱ የሚታረመው። ዶፍ ሲሆን ደግሞ እስከ ማለዳ መጠበቅ የለም። አባላቱ ልዩ መልእክት ሲልኩ ወዲያው ለአካባቢው የአየር ትንበያ ቢሮ ይደርሳል፤ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚያወጡት ባለሙያዎችም ያዩታል።

በስፕሪንግ ወራት ጉዳዩ ይብሳል። በዴንቨር በኩል አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የሚዘንበው በሜይ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የተነሣ እርጥብ አየር ከምሥራቅ ይመጣና ተራራው ያግደዋል። ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል፤ በክረምት በእኛም ደጋ የሚሆነው እንዲሁ ነው። ልዩነቱ እዚህ መሬቱ አስፋልት ነው፣ ውሃው የሚሰርግበት የለውም። አንዱ ደመና ደግሞ አንድ ሰፈር ላይ ብቻ አራግፎ ይሄዳል። እኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

መለኪያውን ላስረዳችሁ፤ ልጆች ቢያነቡት ደስ ይለኛል። አፉ 4 ኢንች ስፋት ያለው ረዘም ያለ የፕላስቲክ ጣሳ ነው። ውስጡ ቀጭን ቱቦ አለ። ከላይ አፉ ሰፊ ታቹ ጠባብ የሆነ መቅጃ ይገጠምበታል። ሰፊው አፍ የተቀበለው ውሃ ወደ ቀጭኑ ቱቦ ስለሚገባ ቁመቱ በ10 እጥፍ ይጎላል፤ ስለዚህ የአንድ ኢንች አንድ መቶኛ እንኳ በዓይን ይነበባል። ቱቦው 1 ኢንች ዝናብ ሲቀበል ሞልቶ ትርፉ ወደ ትልቁ ጣሳ ይፈስሳል፤ እሱን መልሶ በቱቦው እየሰፈሩ መደመር ነው። ኤሌክትሪክ የለው፣ ባትሪ የለው። ዋጋው ሁለት ሰው ሬስቶራንት እራት በልቶ ከሚከፍለው ብዙ አይርቅም። የሚነበበው በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ የፈረንጁ 7 ሰዓት መሆኑ ነው። ይህን የምለው የመጀመሪያ ቀን በሰዓቱ ነገር ከልጄ ጋር ስለተጣላን ነው።

አዎ፣ ጋሽ ዝናቡ አንድ መለኪያ ገዝተው ለመጨረሻ ልጄ ሰጧት። 11 ዓመቷ ነበር። ጓሯችን ውስጥ ከዛፍም ከአጥርም ራቅ አድርገን ተከልነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጠብታ የለም። በየማለዳው 0.00፣ 0.00፣ 0.00። በአምስተኛው ቀን "አባዬ፣ ምንም ከሌለ ለምን እጽፋለሁ?" ብላ አኮረፈች። ዓርብ ጋሽ ዝናቡን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ካለ ማንም አላየም ማለት እንደሆነ፣ ዜሮ ከተጻፈ ግን አንድ ሰው ወጥቶ አይቶ እንዳልዘነበ አረጋግጧል ማለት እንደሆነ አስረዷት። ድርቅንም የሚከታተሉ ሰዎች ያን ዜሮ ይፈልጉታል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለለችም፤ ጉንፋን ይዟት እንኳ እኔን ነው የላከችኝ።

ሒሳቡንም ለምዳዋለች። 1 ኢንች ዝናብ 1,000 ስኩዌር ፊት ጣሪያ ላይ ቢወርድ ከ600 ጋሎን በላይ ውሃ ነው። እኔ በጄሪካን ካልሆነ አይገባኝም አልኳት፤ አስልታ ባለ 20 ሊትሩን ወደ 118 ጄሪካን አደረሰችው። አንድ ኢንች ብቻ! እኔ ቤዝመንት የገባው ምን ያህል እንደነበር አስቡት።

የበረዶ ጠጠርም ይለካሉ። ለዚህ የምትፈልጉት ከእኔ ወጥ ቤት ይገኛል፤ ጠፍጣፋ ፎም በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለልና ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ጠጠሩ ሲወርድበት ይጎደጉደዋል፤ ከጉድጓዶቹ ቁጥርና ስፋት የጠጠሩ ብዛትና መጠን ይታወቃል። ሜይ 8 ቀን 2017 ዴንቨርና አካባቢዋ ላይ የወረደውን የምታስታውሱ አላችሁ፤ ጉዳቱ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል። መብረቅ እያለ ግን ልጅ ለመለካት አይወጣም። ውሃው የትም አይሄድም፤ ሲያልፍ ይነበባል።

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት በሠላሳ ደቂቃ ከ1 ኢንች በላይ ወረደ። ልጄ ከመስኮት ቱቦው ሲሞላ አየችና መልእክቱን ላከች፤ እኔ ደግሞ ታክሲ ለሚነዳው የባለቤቴ ወንድም ደወልኩ። ከድልድይ ሥር ወደሚያልፈው መንገድ ሊገባ ነበር። "ሌላውም መኪና እየገባ ነው እኮ" አለኝ። ሌሊት የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ልብ በሉ። 6 ኢንች የሚፈስ ውሃ አዋቂን ሰው ይጥላል። 12 ኢንች ትንሽ መኪና ይወስዳል። 2 ጫማ ከሞላ አብዛኛውን ተሽከርካሪ፣ ፒክአፑንም ጨምሮ። በዚህ አገር በጎርፍ ሰጥመው ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መኪናቸውን ወደ ውሃ የነዱ ናቸው። ልጁ ዞሮ በረዥሙ መንገድ ሄደ፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ አሉ።

ስልካችን ላይ እየጮኸ የሚመጣውን መልእክትም ብዙዎቻችን ስለሚያስደነግጠን አጥፍተነዋል። በአማርኛ አይመጣም፤ ስለዚህ ሁለት ቃል ብቻ ያዙ። "ዎች" ካለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ ነው። "ዋርኒንግ" ካለ መጥቷል ወይም እየመጣ ነው፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ሂዱ ነው። ቤዝመንት ተከራይተው የሚኖሩ ቤተሰቦች በተለይ ይህን ቸል አይበሉ። በ2021 የኢዳ ማዕበል ኒውዮርክ ከተማን ሲመታ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ የሞቱት ቤዝመንት ውስጥ ነው።

የጤፉን ነገር ጨርሼ አልነገርኳችሁም። ኢንሹራንሴ አንድ ሳንቲም አልከፈለኝም። የተለመደው የቤት፣ የተከራይም ሆነ የንግድ ኢንሹራንስ ከውጭ የገባ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ነው የሚገዛው። የመንግሥቱ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ነው የሚሠራው፤ ደመናውን አይቶ መሮጥ አያዋጣም። ቤዝመንት ውስጥ ያለ ዕቃን ደግሞ እሱም ቢሆን አብዛኛውን አይሸፍንም። አሁን ጤፉ ላይ ነው ያለው፤ ሁለት የደንበኛ ጠረጴዛ አንስቼ። ታች የቀረው ወንበርና የገና መብራት ነው።

መመዝገብ ለምትፈልጉ፣ በኮኮራስ ድረ ገጽ አድራሻችሁን ሞልታችሁ በነፃ ትመዘገባላችሁ፤ አጭር ሥልጠናም አለው። መለኪያው አጠገብ ዛፍ ወይም ቤት ካለ፣ የዚያን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል መራቅ ይመከራል። አፓርታማ የምትኖሩ በረንዳ ላይ አታስቀምጡት፣ ሕንፃው ዝናቡን ይከልለዋል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ ይሻላል፤ በየማለዳው የሚሄድ ሰው ካለ ማለቴ ነው። በበረዶ ወራት መቅጃውንና ቀጭኑን ቱቦ አውጥታችሁ ጣሳውን ብቻ ትተዋላችሁ፤ ስኖው የሚገባው በሰፊው አፍ ነው። ገብቶ ሲቀልጥ ይለካል።

ይህን ስጽፍ ሌሊቱን ካፊያ ቢጤ ነበር። ልጄ ጠዋት 0.03 ጻፈች። ጋሽ ዝናቡ 0.05 ነው ያሉት። በመካከላችን ሁለት ማይል አይሞላም። ዓርብ ምስር ወጡ ሲቀርብ ይከራከሩበታል።