የማርሚታው ቱቦና የጌዶ ዳገት

በአምቦ ከተማ ከሰዓት በኋላ በዋናው መንገድ ዳር ባለ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁለት ነገር ሳይሰማ አይነሣም፤ አንደኛው የጤፍ ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው የመኪና ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለም፥ በጊንጪና በአምቦ አልፎ ወደ ጉደር፥ ወደ ጌዶና ወደ ባኮ፥ ከዚያም ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው መንገድ የእነዚህ ከተሞች ሁሉ የደም ሥር ነውና ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ሰሞኑን ደግሞ ክርክሩ «ቱርቦ ላለው የናፍጣ መኪና የጭስ መውጫው ቱቦ ስንት ኢንች ቢሆን ይሻላል?» የሚል ሆኗል።

«ይህ የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የተማሪና የጸሐፊ ጉዳይ አይደለም» የሚል አንባቢ አይጠፋ ይሆናል። ዳሩ ግን ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ካሉት ወጣት ሠራተኞች መካከል ከደመወዙ እየቆጠበ፥ እቁብ እየጣለ፥ ከወንድሞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ኢሱዙ ለመግዛት የሚጣጣረው ስንቱ ነው? መኪናው ተገዝቶ ዳገት አልወጣ ያለ እንደሆነም ምክር የሚጠየቀው ያው ትምህርት ቤት የገባው ወንድም ነው።

የአንድ ተማሪዬ ሦስት ታላላቅ ወንድሞች የደረሰባቸው ይኸው ነበር። አንደኛው በወረዳ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፥ ሁለተኛው ሾፌር፥ ሦስተኛው እህል ነጋዴ ናቸው። በጋራ የገዙት ኢሱዙ ሲሚንቶ ጭኖ ከጉደር ወደ ጌዶ ሲወጣ ጉልበት ያጣል፤ ከኋላው ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ ናፍጣውም ከልክ በላይ ይበላል። ያሳዩበት ጋራዥ «ቱቦው ጠባብ ነው፤ ማርሚታውን አውጥተን አምስት ኢንች እንግጠምላችሁ» ብሎ የጸሐፊውን የብዙ ወር ደመወዝ የሚያህል ዋጋ ጠየቃቸው። ልጁም «ቲቸር፥ እርስዎ ፊዚክስ ያስተምራሉና ይህ ነገር እውነት ነው?» ብሎ መጣ።

ወደ መልሱ ከመሄዴ በፊት ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። «ማርሚታ» የሚለው ቃል እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ካምቢዮ ከጣልያንኛ የቀረልን ሲሆን በዚያው ቋንቋ ድስት ማለት ነው። ድምፅ የሚያፍነው ያ ሆደ ሰፊ ብረት ድስት ይመስላልና ስሙ ባለቤቱን አግኝቷል። እኛ አገር ግን ስሙ ከድስቱ አልፎ ለቱቦውም ጭምር ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ድስቱን «ማርሚታ»፥ ጭሱ የሚሄድበትን ደግሞ «ቱቦ» እያልሁ ለይቼ እጠራለሁ፤ የወንድማማቾቹ ችግርም ሁለቱን ካለመለየት የመጣ ነበር።

አባቶቻችን የሚያውቁት ፊያት 682፥ ሾፌሮች «ኤን ትሬ» የሚሉት፥ ሞተሩ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ትልቅ መኪና ነበር፤ ነገር ግን ቱርቦ አልነበረውም። አየር የሚስበው በፒስተኑ ጉልበት ብቻ ነው። ቱርቦ የሚባለውን ሐሳብ አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ.፥ ይኸውም በአፄ ምኒልክ ዘመን፥ በስሙ አስመዝግቦት ነበር፤ ወደ ጭነት መኪና እስኪደርስ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ከሞተር የሚወጣው ጭስ ትኩስና ግፊት ያለው ስለ ሆነ ጉልበቱ በከንቱ ከሚበተን አንድ ትንሽ መዘውር ያዙር፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላ መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ይጠቅጥቅ። ይህ መዘውር በኢሱዙ መጠን ባለ መኪና ላይ በደቂቃ ከመቶ ሺሕ ዙር በላይ ይሾራል።

እስቲ በወንዝ ዳር ያለውን የውሃ ወፍጮ አስቡ። ወፍጮውን የሚያዞረው ውሃው ከላይ ስለ ወረደ ብቻ አይደለም፤ ከታች የሚሄድበት ስላለውም ነው። ከወፍጮው በታች ያለው ቦይ ተደፍኖ ውሃው የተኛ እንደሆነ መዘውሩ ይደክማል። ከቱርቦው በኋላ ያለው ቱቦም ይኸው የታችኛው ቦይ ነው። በየጋራዡ «ሞተር ትንሽ መታፈን አለበት» የሚል አባባል አለ። ይህ ቱርቦ ከሌላቸው ሞተሮች የተወረሰ ነው፤ በእነርሱ ላይ የቱቦው ርዝመትና ስፋት ጭሱ በምት በምት ሲወጣ ከሚፈጥረው ሞገድ ጋር ስለሚገናኝ ያለ ልክ ያሰፉት ቱቦ ጉልበት ሲቀንስ ይታያል፤ ሰውም ጥቅሙን የሰጠው መታፈኑ ይመስለዋል። በቱርቦ ሞተር ግን ያንን ምት መዘውሩ ይሰብረዋል፤ ከእርሱ በኋላ ያለው መታፈን አንዳች ጥቅም የለውም።

አገራችን ደጋ መሆኑም ነገሩን ያከብደዋል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር፥ ጌዶ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በአምቦ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ያው የጭስ ክብደት የሚይዘው ቦታ ይሰፋል፤ ስለዚህ ቱርቦው የአየሩን እጥረት ለመሙላት በታገለ ቁጥር በቱቦው ውስጥ የሚሮጠው ጭስ ይፈጥናል። ለጅቡቲ ወደብ የሚበቃ ቱቦ በጌዶ ዳገት ትንሽ ሊጠብ ይችላል ማለት ነው። በሌላ አገር የተጻፈ ምክር እንዳለ ሊወሰድ የማይገባውም ለዚህ ነው።

አሁን እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። ሞተሩ 4.6 ሊትር፥ ፍጥነቱም በደቂቃ 3,000 ዙር ይሁን። ባለ አራት ምት ሞተር አየር የሚስበው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለ ሆነ 1,500 ጊዜ 4.6፥ ማለት 6,900 ሊትር በደቂቃ ይሆናል። ሲሊንደሩ ሞልቶ ስለማይሞላ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ብንወስድ ወደ 6,200 ይወርዳል፤ ቱርቦው አንድ ሦስተኛ ያህል ሲጨምርበት ወደ 8,300 ሊትር ይወጣል። ጭሱ ሲወጣ 450 ዲግሪ ያህል ስለሚግል ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይነፋል፤ እንግዲህ በሴኮንድ ወደ 345 ሊትር ጭስ መውጫ ይፈልጋል ማለት ነው።

የብረቱ ግድግዳ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 2 ኢንች ተኩል ቱቦ ውስጡ 60 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ጭሱ በዚህ ውስጥ በሴኮንድ 122 ሜትር ይሮጣል። በ3 ኢንች ቱቦ 82 ሜትር፥ በ4 ኢንች 46 ሜትር ይሆናል። የሚፈጠረው ተቃውሞ ከፍጥነቱ ጋር በእኩል ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ልዩነቱ ከሚታየው በላይ ነው። ሦስት ሜትር ርዝመትና አራት ኩርባ ያለውን ቱቦ፥ ማርሚታውን ሳልጨምር፥ በአምቦ አየር ሳሰላው፥ ተቃውሞው በውሃ ዓምድ ሲለካ በ2 ኢንች ተኩል 90 ሳንቲ ሜትር፥ በ3 ኢንች 40፥ በ4 ኢንች 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ መጣ።

የእነዚህን መኪናዎች ሞተር የሚሠሩ ኩባንያዎች ብዙዎቹ የሚፈቅዱት የተቃውሞ መጠን 10 ኪሎ ፓስካል ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ይኸውም አንድ ሜትር የውሃ ዓምድ መሆኑ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በ2 ኢንች ተኩል ቱቦ ለማርሚታው የሚተርፈው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ አይበቃም። በ3 ኢንች 60 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ይህ ለደኅና ማርሚታ ይበቃል። ወደ 4 ኢንች ቢሄዱ ሌላ 30 ሳንቲ ሜትር ይገኛል፤ ነገር ግን ሾፌሩ በእግሩ የማያውቀው ትርፍ ነው። በአንጻሩ ክብደቱ፥ ዋጋውና ጩኸቱ ይጨምራል፤ በሻንሲው ሥር ለማሳለፍም ያስቸግራል። አምስት ኢንች ለዚህ ሞተር ለታይታ ካልሆነ በቀር ምን እንደሚሠራ አይገባኝም። አምስት ኢንች የሚገባው ከሙገር ሲሚንቶ እንደሚያመላልሱት ሲኖትራኮች ላሉት ነው፤ ሞተራቸው 9.7 ሊትር፥ ጉልበታቸውም እስከ 371 ፈረስ ይደርሳልና።

ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። የወንድማማቾቹ መኪና ግን ቀድሞውኑ ባለ 3 ኢንች ቱቦ ነበረ! እንግዲያስ ጋራዡ ጠባብ ያለው ምኑን ነው? መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ተፈትቶ አቧራው ተራገፈ፤ ለውጥ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ተቃውሞውን መለካት ነበረብን፤ መለኪያውም በየትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ያለው ዩ ቅርጽ የሆነ የውሃ ቱቦ ነው። ከቱርቦው በኋላ ባለው ቀጥ ያለ ቱቦ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ብሎን የሚገባበት ለውዝ ተበየደ፤ ከእርሱ አንድ ሜትር የሚያህል ቀጭን የመዳብ ቱቦ ወጣ፤ ግለቱ እንዲበርድ ነው። በጫፉ የሚያሳይ ፕላስቲክ ጎማ ተሰክቶ በረጅም ጣውላ ላይ በዩ ቅርጽ ታሰረና እስከ ግማሹ ውሃ ተሞላ። ጣውላውን ከጋቢናው ውጭ በስተኋላ አሰርነው እንጂ ወደ ውስጥ አላስገባነውም፤ ውሃው ቢረጭ መርዘኛው ጭስ ተከትሎት ጋቢና ውስጥ ይገባልና። የውሃውን ከፍታ በስልክ ካሜራ ቀረጽነው።

መኪናው እንደ ወትሮው ተጭኖ፥ ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ዳገቱን ሲወጣ በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ከሠላሳ ደረሰ። ሲፈተሽም ከኋለኛው ሻምበል በላይ የሚያልፈው ኩርባ ሲታጠፍ ተጨፍልቆ ኖሯል፤ ማርሚታውም ሲመታ ውስጡ ያለው ላሜራ ተነቅሎ ይንኳኳል። ኩርባው በደኅና ኩርባ፥ ማርሚታውም በሌላ ማርሚታ ተተካ፤ ቱቦው ግን ያው ባለ 3 ኢንቹ ቀረ። በዚያው ዳገት እንደገና ሲለካ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ወረደ፤ ጥቁሩም ጭስ ሳሳ። ያወጡት ገንዘብ ከተጠየቁት ሩቡን አልሞላም። ጉዳዩን የሰማ አንድ አዛውንት መካኒክ «መምህር፥ እኛ በጆሮ እንለካ ነበር፤ ውሃው ግን አይዋሽም» አሉኝ፤ ጣውላውንም ወስደው ጋራዣቸው ውስጥ ሰቅለውታል።

ቱቦ መለወጥ ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለና የአገዛዙን ነገር ልንገራችሁ። በአዲስ አበባ ሱማሌ ተራም ሆነ ምናለሽ ተራ የምትሄዱ ከሆነ ማስመሪያ ያዙ። የውሃ ቱቦ በስሙና በልኩ አይገናኝም፤ «2 ኢንች ተኩል» ተብሎ የሚሸጠው የውሃ ቱቦ ከውጭ ሲለካ 76 ሚሊ ሜትር፥ ማለት 3 ኢንች ያህል ነው፤ ግን ግድግዳው ወፍራም ስለ ሆነ ውስጡ ይጠብባል፥ ይከብዳልም። የሚጠቅማችሁ የውስጡ ልክ ነው። ዚንክ የተቀባውን ደግሞ ጨርሶ ተዉት፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ያሳምመዋል። ሁለት ቱቦ በማዕዘን ቆርጦ ከመበየድ አንድ ለስላሳ ኩርባ መግዛት ይሻላል፤ የተበየደው ማዕዘን የለስላሳውን ሦስትና አራት እጥፍ ያፍናል። ከቱርቦው ቀጥሎ ያለውን ተጣጣፊ ቁራጭ አታስወግዱ፤ እርሱ ከሌለ የቱቦው ክብደትና ንዝረት ሁሉ ቱርቦው ላይ ተንጠልጥሎ ይሰነጥቀዋል።

ማርሚታውን አውልቆ በባዶ ቱቦ መሄድ ዛሬ ፋሽን ሆኗል። ከ3 ኢንች በላይ ሆኖ በደኅና ማርሚታ የሚሠራን ቱቦ ባዶ ማድረግ የሚያመጣው ጉልበት እምብዛም ነው፤ ጩኸቱ ግን በመንገድ ዳር ባለ ክፍል ውስጥ የማስተማር ሥራን ምን እንደሚያደርገው እኔን ጠይቁኝ! ከዚህ የባሰው ደግሞ ቱቦ ሲሰፋ የናፍጣውን ፖምፓ አብሮ መክፈት ነው። በደጋ አየር ቱርቦው እንደዚያውም ከቆላው ይልቅ እየፈጠነ ይሠራል፤ ናፍጣ ሲጨመርበት ጭሱ ይግላል፥ መዘውሩ ከልኩ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገዛው ቱቦ ሳይሆን ቱርቦ ነው፤ አንዳንዴም ፒስተን። አዳዲስ መኪናዎች በቱቦው ላይ የጭስ ማጣሪያና የግለት መለኪያ ሽቦ ካላቸው እነርሱን ቆርጦ መጣል ሞተሩን ያሳብዳልና አትንኩ።

በቱቦው ላይ የሚገኘውን ፍሬን፥ ጭሱን ዘግቶ ሞተሩን የሚያዘገየውን፥ አንዳንድ በያጅ «ይህ ነው የሚያፍነው» ብሎ ቆርጦ ይጥለዋል። ክፍት ሲሆን ግን የሚያፍነው እጅግ ጥቂት ነው። ከጌዶ እስከ ባኮ መንገዱ ከ700 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ይህን ሁሉ ቁልቁለት በጎማ ፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ግሎ የሚከዳው ከታች በሚያስፈልግበት ቦታ ነው።

አዲስ ቱቦ የገጠመ ሾፌር ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለስ፥ ሞተሩ ከበረደ በኋላ፥ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና ያጥብቅ፤ ብረቱ ሲግልና ሲበርድ ይላላልና። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር ከታየ ጭስ ይተነፍሳል ማለት ነው። ከጋቢናው በታች የሚተነፍስ ከሆነ ረዳቱ ሞተሩ እየሠራ ጋቢና ውስጥ እንዳይተኛ፤ ከዚያ ጭስ ውስጥ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።